አንድ ሔክታር ስንት ባርን ነው? የአስኳል ፊዚክስና የመሬት ቅየሳ የስፋት መለኪያዎችን ስለ ማቀያየር

መነሻ_ነጥብ

የመለኪያ መቀየሪያ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ርዝመቱ፣ ክብደቱና ሙቀቱ ያለ ብዙ ጣጣ አለቀ። ስፋት ላይ ስደርስ ግን ዝርዝሩ ከላይ በኤከርና በሔክታር ጀምሮ ከታች ባርን፣ አውትሃውስና ሼድ በሚባሉ የአስኳል ፊዚክስ መለኪያዎች ያበቃል። ሁሉም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ተጠቃሚው ከየትኛውም ወደ የትኛውም መቀየር መቻል አለበት።

ያደናገረኝ ኤከር ነው። አንዱ መቀየሪያ አንድ ኤከር 4.0468564224 × 10³¹ ባርን ነው ሲለኝ ሌላው 4.04687261 × 10³¹ ይለኛል። ከስድስተኛው አሃዝ ጀምሮ መንገዳቸው ይለያያል። የትኛውን ልመን? ደግሞም እንደ ሚሊ እና ፌምቶ ያሉት ቅድመ ቅጥያዎች በባርን ላይና በካሬ ሜትር ላይ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው ወይ?

ዝግተኛ_ኒውትሮን

ኤከሩን ለቅየሳ ሰዎች ልተወውና ከታችኛው ጫፍ ልጀምር። አንድ ባርን በትርጓሜው 10⁻²⁸ ካሬ ሜትር ነው። የቆዩ የፊዚክስ ጽሑፎች በሴንቲሜትር ስለሚሠሩ 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር ብለው ይጽፉታል፤ ነገሩ ያው ነው። ሔክታር 10⁴ ካሬ ሜትር ስለሆነ አንድ ሔክታር 10³² ባርን ይሆናል። ማጠጋጋት የለበትም፤ ልክ 10³² ነው። አውትሃውስ የባርን አንድ ሚሊዮንኛ፣ ማለትም 10⁻³⁴ ካሬ ሜትር ነው። ሼድ ደግሞ 10⁻²⁴ ባርን፣ ማለትም 10⁻⁵² ካሬ ሜትር ነው።

ስሞቹ ቀልድ ይመስላሉ፤ ናቸውም። ባርንን እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ማርሻል ሆሎዌይና ቻርልስ ቤከር ናቸው የሰየሙት። መጀመሪያ በሰው ስም ሊጠሩት አስበው ነበር። ኦፐንሃይመር ረዘመባቸው፤ ቤቴ ደግሞ ቤታ ከሚባለው የግሪክ ፊደል ጋር ይምታታል ብለው ተዉት። በመጨረሻ ለኒውትሮን የአተም አስኳል እንደ ጎተራ የሰፋ ዒላማ ነው በሚል ባርን (በእንግሊዝኛ ጎተራ ማለት ነው) አሉት። ሁለቱ ታናናሾች በኋላ የመጡ ተከታዮች ናቸው፤ በሥራ ላይ እምብዛም አታገኛቸውም።

መጠኑ በአእምሮህ እንዲቀመጥ አንድ ስሌት ልጨምር። የአስኳል ሬዲየስ በግርድፉ 1.2 ፌምቶሜትር ሲባዛ በቅንጣቶቹ ብዛት ሦስተኛ ሥር ነው። ለዩራኒየም-238 ይህ 7.4 ፌምቶሜትር ገደማ ይሰጣል። የክቡን ስፋት ብታሰላው 174 ካሬ ፌምቶሜትር ታገኛለህ፤ 1.7 ባርን መሆኑ ነው። ስለዚህ ባርን ማለት በግምት የአንድ ከባድ አስኳል ፊት ነው።

ጥርጣሬ

ሒሳቡ ገብቶኛል፤ ጥቅሙ ግን አልገባኝም። መሬቱን በባርን የሚለካ ቀያሽ የለም፣ አስኳልን በሔክታር የሚለካ ፊዚክስ አዋቂም የለም። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ማስቀመጥ ተጠቃሚን ማሳሳት አይሆንም ወይ?

ባለ_ቴዎዶላይት

ወንድሜ መነሻ_ነጥብ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት ሁለት ዓይነት ኤከር ስላለ ነው።

ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው። ጫማው ግን አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ባደረጉት ስምምነት ዓለም አቀፉ ጫማ ልክ 0.3048 ሜትር ሆነ፤ ከእሱ የሚወጣው ኤከር ልክ 4046.8564224 ካሬ ሜትር ነው። አሜሪካ ግን የቅየሳ መዝገቦቿን ላለማናጋት ስትል አሮጌውን ጫማ ለቅየሳ ብቻ አቆየችው። የእሱ ትርጓሜ 1200 ሲካፈል ለ3937 ሜትር ነው። ይህ የቅየሳ ጫማ በይፋ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው፤ በእሱ የተመዘገበ አሮጌ ሰነድ ግን እንዳለ ነው።

ልዩነቱ በርዝመት ከአንድ ሚሊዮን ሁለት፣ በስፋት ከአንድ ሚሊዮን አራት ነው። በአንድ ኤከር ላይ 0.0162 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ጎኑ 12.7 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ማለት ነው። ለአንድ ማሳ ማንም አይጣላበትም። የሚያጣላው መጋጠሚያ ነጥብ ላይ ነው፤ ከመነሻው ሁለት ሚሊዮን ጫማ የራቀ ነጥብ በተሳሳተው ጫማ ከተነበበ በአራት ጫማ ይንሸራተታል። አጥር በአራት ጫማ ሲንሸራተት ሰው ይከሰሳል።

የኤከር አመጣጥ ራሱ ሰንሰለት ነው። ኤድመንድ ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1620 ያስተዋወቀው የቅየሳ ሰንሰለት 66 ጫማ ርዝመትና 100 ቀለበቶች አሉት። አሥር ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር ነው፤ በቀለበት ስትቆጥረው 100,000 ካሬ ቀለበት ይሆናል። አሥርዮሽ ያልሆነውን መለኪያ በአሥርዮሽ እንዲቆጠር ያደረገ ብልህ ሰው ነበር። ካሬ ቀለበትንም በዝርዝርህ ብታስገባ አልከፋም፦ ዓለም አቀፉ 0.040468564224 ካሬ ሜትር ነው፤ በባርን 4.0468564224 × 10²⁶።

ሒሳብ_አስተማሪዋ

የቅድመ ቅጥያው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። መልሱ አይደለም ነው፤ ተማሪዎችም በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ካሬ ፌምቶሜትር ስንል ካሬ የሚሆነው ፌምቶሜትሩ በሙሉ ነው። ስለዚህ ቅድመ ቅጥያውም አብሮ ካሬ ይሆናል፦ 10⁻¹⁵ ሲባዛ በራሱ 10⁻³⁰ ካሬ ሜትር። ባርን ግን ራሱ የስፋት መለኪያ ነው፤ ካሬው ውስጡ አለ። ፌምቶባርን ስንል ቅድመ ቅጥያው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፦ 10⁻¹⁵ ሲባዛ በ10⁻²⁸፣ ማለትም 10⁻⁴³ ካሬ ሜትር። በሁለቱ ፌምቶዎች መካከል አሥራ ሦስት ዜሮ አለ! ሚሊባርን ደግሞ 10⁻³¹ ካሬ ሜትር ስለሆነ የካሬ ፌምቶሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ሙሉው ባርን 100 ካሬ ፌምቶሜትር ነው።

በመሬቱ በኩል ይኸው ወጥመድ ሳያስታውቅ ያልፋል። አር 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ሔክታር ማለት መቶ አር ነው፣ ሄክቶ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ። ጎኑ አንድ ሄክቶሜትር የሆነ ካሬም 10,000 ካሬ ሜትር ነው፣ እዚህ ላይ ሄክቶ ሁለት ጊዜ ሠርቶ። ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ የሚያደርሱት አር ራሱ የአንድ ካሬ ዴካሜትር ስፋት ስለሆነ ነው። በሔክታር የለመደ ሰው ሕጉ ሁልጊዜ እንዲህ ይገጥማል ብሎ ወደ ባርን ሲሄድ ይወድቃል።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሃያ ሰባተኛው የክብደትና የመለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ አራት አዳዲስ ቅድመ ቅጥያዎች አጸደቀ፦ ሮና ለ10²⁷፣ ኩዌታ ለ10³⁰፣ በታች በኩል ሮንቶ ለ10⁻²⁷፣ ኩዌክቶ ለ10⁻³⁰። አንድ አር 100 ካሬ ሜትር ነው ብለናል፤ በባርን 10³⁰ ይሆናል። ስለዚህ አንድ አር ልክ አንድ ኩዌታባርን ነው! በግልባጩ አንድ ባርን ልክ አንድ ኩዌክቶአር ነው። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1795 ለእርሻ መሬት ያወጡት መለኪያና በጦርነት ጊዜ ሁለት ፊዚክስ አዋቂዎች ያወጡት መለኪያ በመጨረሻው ቅድመ ቅጥያ ላይ ተገናኙ።

መነሻ_ነጥብ

ኩዌታባርን! ይህንማ የግድ አስገባዋለሁ። እናመሰግናለን መምህርት።

ኤከሩን እንግዲህ ሁለት አድርጌ አስቀምጣለሁ። የቀረኝ ቁጥሮቹን በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደምይዛቸው ነው። ሁሉንም በባርን ሙሉ ቁጥር ብይዝስ? ትንሹ መለኪያ መሠረት ቢሆን አስርዮሽ አያስፈልግም ብዬ ነበር።

ሁለትዮሽ

አታድርገው። ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር የሚይዘው እስከ 9.22 × 10¹⁸ ነው። ያን ያህል ባርን በካሬ ሜትር 9.22 × 10⁻¹⁰ ብቻ ነው፤ ጎኑ 30 ማይክሮሜትር የሆነ ካሬ። ከዚያ የሚበልጥ ማንኛውም ነገር ከሳጥኑ ይፈስሳል። ሔክታር ይቅርና አንድ ካሬ ሚሊሜትር እንኳ 10²² ባርን ስለሆነ አይገባም። ወደ 128 ቢት ብትሄድ እስከ 17,000 ካሬ ኪሎሜትር ትደርሳለህ፤ ይህም ለአብዛኞቹ አገሮች ስፋት አይበቃም። በዚያ ላይ ትንሹ መለኪያ ባርን አይደለም፤ ሼድ አለ።

በአስርዮሽ ነጥብ ቁጥር (ፍሎቲንግ ፖይንት በሚባለው) ብትሄድም መጠንቀቅ ነው። ባለ 32 ቢቱ ከ3.4 × 10³⁸ አያልፍም፤ ሔክታርን በሼድ ስትጠይቀው መልሱ 10⁵⁶ ስለሆነ ማለቂያ የለውም ይልሃል። ይህ ቢያንስ ይታያል። በግልባጩ ሼድን በሔክታር ስትጠይቀው ግን ዝም ብሎ ዜሮ ይሰጥሃል፤ ዜሮ ደግሞ ትክክለኛ መልስ ይመስላል።

ባለ 64 ቢቱ በመጠን በኩል ይበቃል፣ በትክክለኛነት በኩል ግን ሌላ ነገር አለው። በሁለትዮሽ ቁጥር ሳይዛነፍ የሚቀመጠው ትልቁ የአሥር ርቢ 10²² ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 10²⁸ ብለህ ስታስቀምጥ ማሽኑ በእውነት የሚይዘው ይህን ነው፦

9,999,999,999,999,999,583,119,736,832

417 ቢሊዮን ያህል ባርን ጎደለ። በስፋት ስታየው ጎኑ ስድስት ተኩል ናኖሜትር የማይሞላ ካሬ ነው፣ ለሰው ምንም አይደለም። ነገር ግን ሄዶ መመለስ በሚፈተሽበት ጊዜ «እኩል አይደሉም» የሚል መልስ ይዞብህ ይመጣል።

እኔ ብሆን እያንዳንዱን መለኪያ በሦስት ሙሉ ቁጥሮች እይዘዋለሁ፦ ላዕላይ፣ ታሕታይና የአሥር ርቢ። ባርን 1፣ 1 እና −28 ነው። ዓለም አቀፉ ኤከር 40468564224፣ 1 እና −7። የቅየሳው ኤከር 62726400000፣ 15499969 እና 0፤ ታሕታዩ 3937 በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ነው። መቀየር ማለት እንግዲህ አንዱን ክፍልፋይ ለሌላው ማካፈልና ርቢዎቹን መቀነስ ብቻ ይሆናል። ወደ አስርዮሽ የምትለውጠው ለማሳየት ስትፈልግ፣ በመጨረሻው ደረጃ ነው።

ጥርጣሬ

ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም፣ እንዲያውም ጠንክሬ ልመለስበት። ዝግተኛ_ኒውትሮን አስኳሉ 1.7 ባርን ፊት አለው ብሏል። እኔ ግን የዜኖን-135 የግጭት ስፋት፣ ማለትም አስኳሉ ለሚመጣበት ኒውትሮን የሚያሳየው የዒላማ መጠን፣ በሚሊዮን ባርን እንደሚቆጠር አንብቤአለሁ። አስኳሉ ሚሊዮን እጥፍ አይሰፋም። ስለዚህ ባርን ስፋት አይደለም፣ በስፋት መልክ የተጻፈ ዕድል ነው። ዕድልን ወደ ሔክታር መቀየር ደግሞ ትርጉም የለውም።

ዝግተኛ_ኒውትሮን

ግማሹ እውነት ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። የግጭት ስፋት አስኳሉን በማስመሪያ ለክተን የምናገኘው አይደለም። ዝግተኛ ኒውትሮን የሞገድ ባሕርዩ ገንኖ ይታያል። በክፍል ሙቀት የሞገዱ ርዝመት 0.18 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ከአስኳሉ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አስኳሉ ከአካሉ እጅግ ርቆ የሚያልፈውንም ሊውጥ ይችላል። ዜኖን-135 በዚህ ፍጥነት ላይ ያለው ስፋት ወደ 2.6 ሚሊዮን ባርን ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1944 የሃንፎርድ ትልቁ ሪአክተር ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ እየደከመ የቆመው በዚሁ ጋዝ ምክንያት ነው። የኒውትሮኑ ፍጥነት ሲለወጥ ስፋቱም ይለወጣል፤ ኃይሉ ያልተጠቀሰበት የባርን ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው።

ነገር ግን «ወደ ሔክታር መቀየር ትርጉም የለውም» የሚለው ላይ አልስማማም። እንዲያውም ትርጉም የሚኖረው በእውነተኛ ስፋት ሲካፈል ነው። አንድ ሔክታር የሚሸፍን፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የካድሚየም ሉህ አስብ። መጠኑ አሥር ሜትር ኩብ፣ ክብደቱ 86.5 ቶን ነው። በውስጡ 4.63 × 10²⁹ አተሞች አሉ። የአንዱን አስኳል ፊት ከሬዲየሱ ካሰላነው ከአንድ ባርን ጥቂት ይበልጣል። የሁሉንም ፊት ብንደምረው 49 ካሬ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከ10,000 ካሬ ሜትር ሉህ ላይ ይህ ብቻ! አስኳሎቹ እንደ ጠጣር ኳስ ቢሆኑ ኖሮ ከሺህ ኒውትሮን 995ቱ ሳይነኩ ያልፉ ነበር።

አሁን በእውነተኛው የግጭት ስፋት እንሥራው። የተፈጥሮ ካድሚየም ዝግተኛ ኒውትሮንን የሚውጥበት ስፋት 2,520 ባርን ገደማ ነው። በ4.63 × 10²⁹ ሲባዛ 1.17 × 10³³ ባርን። ወደ ሔክታር ቀይረው፦ 11.7 ሔክታር። አንድ ሔክታር ሉህ ላይ 11.7 ሔክታር ጥላ ተደራርቧል ማለት ነው። ሾልኮ የሚያልፈው የኒውትሮን ድርሻ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት በአሉታዊ 11.7 ርቢ ነው፤ ከሚሊዮን ስምንት ያህል። ካድሚየም ለሪአክተር መቆጣጠሪያ ዘንግ የሚመረጠው ለዚህ ነው። መልሱን የሰጠን ባርንን በሔክታር ማካፈላችን ነው።

ጥርጣሬ

49 ካሬ ሜትርና 11.7 ሔክታር። እሺ፣ ተቀብያለሁ። ይህን ምሳሌ ግን መጀመሪያ ላይ ብታመጣው ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር።

ዝግተኛ_ኒውትሮን

ባትከራከር ኖሮ አላሰላውም ነበር።

መነሻ_ነጥብ

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በቅንጣት አፋጣኝ ማሽኖች ዜና ላይ «ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን» የሚል አያለሁ። ስፋት ነው ወይስ ሌላ? በዚሁ ዝርዝር ይግባ?

ዝግተኛ_ኒውትሮን

ስፋት ስላልሆነ አይግባ። አንድ ሲካፈል ለስፋት ነው። በማሳ ላይ በየሔክታሩ ስንት ዘር ወደቀ እንደሚባለው አድርገህ ቁጠረው፤ የተዘራው ግን የፕሮቶን ግጭት ዕድል ነው። አንድ ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን በአንድ ሔክታር 10⁴⁷ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የምትፈልገውን ክስተት ስፋት ከዚህ ቁጥር ጋር ታባዛለህ፣ ስፋት ከስፋት ጋር ይጣፋና ንጹሕ ቆጠራ ይቀራል። ለምሳሌ በ13 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ሂግስ ቦዞን የሚባለው ቅንጣት የሚፈጠርበት ስፋት 55 ፒኮባርን ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉት የሰርን መመርመሪያዎች እያንዳንዳቸው ወደ 140 ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን ሰብስበዋል። 55,000 ፌምቶባርን በ140 ስታባዛ 7.7 ሚሊዮን ሂግስ ይሰጥሃል። ከእነሱ አብዛኛዎቹ በሌላ ግርግር ተውጠው አይታዩም፣ ያ ሌላ ወሬ ነው።

ሼድን ቀልድ ነው ብዬ በማለፌ አንድ ነገር ላክልበት። የጨለማ ቁስ ቅንጣት ፈላጊዎች አሁን ለግጭት ስፋቱ የሚያወጡት ጣሪያ በአንድ የአስኳል ቅንጣት (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ወደ 10⁻⁴⁸ ካሬ ሴንቲሜትር ወርዷል። ይህ ልክ የአንድ ሼድ መጠን ነው። ጽሑፎቻቸው ላይ ስሙን አይጠቀሙበትም እንጂ ቁጥሩ ደርሶበታል።

ባለ_ቴዎዶላይት

ስለ አሃዞች ብዛት አንድ ቃል። ፕሮግራሙ አንድ ሰው «2.37 ሔክታር» ብሎ ሲያስገባ 2.37000000000 × 10³² ባርን ብሎ እንዳይመልስለት። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ማሳ አንዱ ወሰን በ2 ሴንቲሜትር ቢዛነፍ ስፋቱ በ2 ካሬ ሜትር ይለወጣል። በእናንተ ቋንቋ 2 × 10²⁸ ባርን ነው። ስለዚህ በመስክ ከተለካ ሔክታር ላይ ከአራተኛው አሃዝ በኋላ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው።

ደግሞም «ስፋት» ስንል በቅየሳ የምናወራው ወደ አግድም የተዘረጋውን ስፋት ነው። 20 ዲግሪ ያዘነበለ ኮረብታ በካርታ አንድ ሔክታር ከሆነ ቆዳው 1.064 ሔክታር ነው። የመሬት መዝገብ የሚያውቀው የካርታውን ነው። በሁለቱ ኤከሮች መካከል ካለው ልዩነት ይህኛው ከአሥራ አምስት ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ሁልጊዜ ስለ ኤከሩ ነው።

ሒሳብ_አስተማሪዋ

ስለ አሃዞቹ እስማማለሁ፤ ተጠቃሚው ያስገባውን አሃዝ ያህል ብቻ ይመለስለት። መቀየሪያው ቁጥር ልክ መሆኑና ተጠቃሚው ያመጣው ቁጥር ልክ መሆኑ ግን ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ሙሉ አድርገህ ያዝ፣ ሁለተኛውን አታስመስል።

መነሻ_ነጥብ

እንዲህ አደረግሁ። መሠረቱ ካሬ ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ መለኪያ ሁለትዮሽ እንዳለው በሦስት ሙሉ ቁጥር ተይዟል። ባርን፣ አር፣ አውትሃውስና ሼድ ቅድመ ቅጥያን አንድ ጊዜ ይቀበላሉ፣ ካሬ ሜትር ሁለት ጊዜ። ተገላቢጦሹ ባርን ለብቻው ወጥቷል። መልሱ በተሰጠው አሃዝ ልክ ይጠጋጋል። የካድሚየሙ ሉህ የፈተና ጥያቄ ሆኖ ገብቷል፤ 4.63 × 10²⁹ ሲባዛ በ2,520 ባርን፣ በሔክታር 11.7 ብሎ አልፏል።

ሔክታር ላይ ሌላ ቅድመ ቅጥያ ልፍቀድ ወይ የሚለው ብቻ ቀርቶኛል።

ሒሳብ_አስተማሪዋ

አትፍቀድ። ሄክቶ አስቀድሞ ተለጥፎበታል፤ ቅድመ ቅጥያ በቅድመ ቅጥያ ላይ አይደረብም። ከፈለጉ በአር ላይ ያድርጉት።

ባለ_ቴዎዶላይት

ሁለቱን ኤከሮች ደግሞ «ኤከር» እና «ኤከር 2» ብለህ እንዳትጽፋቸው። «ዓለም አቀፍ» እና «የአሜሪካ ቅየሳ፣ እስከ 2022» በላቸው። አሮጌ ሰነድ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።